የእትዬ ቴፕ የተቃናበት ክረምት

ሰኞ

እትዬ ዛሬ ከነኮምፒዩተሯ መጣች። የቤቷ ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ቀይረው እስኪጨርሱ፣ ማለትም ክረምቱ እስኪወጣ፣ እኛ ጋ ትቆያለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ ደስ ብሎኛል። ባለቤቴ የኋላውን ክፍል አዘጋጀችላት። ሻንጣዋ ደጅ ላይ ዝናብ ሲወርድበት እሷ ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላ እንደሚጠባ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነበር።

ማሽኑን አውቀዋለሁ። ነፍሱን ይማረውና ባሏ፣ የሒሳብ አስተማሪው ጋሼ፣ በጎረምሳነቱ የገዛው የቤት ኮምፒዩተር ነው፤ ኪቦርዱና ሆዱ አንድ ላይ የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ፣ ፕሮግራሙን በቴፕ ከካሴት የሚያነብ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሲያይ መጫወቻ ይመስለዋል። እኛ የድሮ ኮምፒዩተር ሰብሳቢዎች ግን ዋጋውን እናውቃለን፤ ማኅበርም አለን።

ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ካሴቱን ከተተች፤ ቴፑ ሲጮህ፣ ሲጮህ ቆየና ስክሪኑ ላይ ዳማ መጣ። ጋሼ ራሱ ቁጭ ብሎ የጻፈላት ጨዋታ ነው። ተጫወተች፣ አሸነፈች፣ አጠፋች፣ ተኛች። ጋሼ ከሞተ ወዲህ አንድም ምሽት ሳታስታጉል እንዲህ ነው የምትኖረው።

አየሁት። ሽፋኑ ቢጫ ሆኗል። አንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ይይዛል። የቴፑም ጩኸት ደስ አይልም። እጄን በላኝ።

ረቡዕ

«እትዬ፣» አልኳት ቁርስ ላይ፣ «ማሽንሽን አንድ ቀን ከፈት አድርጌ ልየው?»

«ምን ሆነና?»

«ምንም አልሆነም። ለጥንቃቄ ነው እንጂ።»

«ምንም ካልሆነ ምኑን ልታይ ነው?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሙያውን የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ ማሽን ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ አንድ ማሽን ሊታመም ሲል ገና ፊቱን ሳየው ይታወቀኛል። ይህን ላስረዳት ስጀምር ባለቤቴ ጥልቅ አለች። ነርስ ናት።

«እኛ ክሊኒክ ያላመመውን ሰው አንወጋም» አለች።

«ክትባትስ?» አልኳት።

ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች። መልስ አጣች ማለት ነው። እትዬ ደግሞ «አቶ ፈታታ!» ብላ ሳቀች። ይህን ስም ያወጣችልኝ በልጅነቴ የአባታችንን የግድግዳ ሰዓት የፈታሁ ጊዜ ነው። መልሼ ገጥሜዋለሁ እኮ! የተረፉት ዕቃዎች ትንንሾች ነበሩ።

እሑድ

የማኅበራችን ስብሰባ፣ እንደ ወትሮው በአባላችን በፀጉር አስተካካዩ ሱቅ፣ ደንበኞቹ ከሄዱ በኋላ። ከመስተዋቱ በላይ እኔ በእጄ የጻፍኩት ደንባችን ተሰቅሏል፦ «ያልተበላሸ አይነካም»። ከሥሩ ቁጭ ብለን እያንዳንዳችን በሳምንቱ ውስጥ የነካነውን ተናዘዝን።

ሊቀመንበሩ ምንም አልነካም። የቀድሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ማሽኖቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። እንኳን ሊፈታቸው ሶኬት ላይ ሰክቷቸው አያውቅም። «ሁሉም ይሠራሉ» ይላል። በምን አወቀ? አይጠየቅም፤ ሊቀመንበር ነው።

ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ማሽን የኃይል ሳጥን በመለኪያ ለክቶ ደህና መሆኑን አይቷል። በቃ፣ ይህ ነው የሳምንት ሥራው። «ወደ ማሽኑ የሚገባው ኃይል ልክ ከሆነ፣ አቧራው ከተጠረገ፣ ሌላው አያገባኝም» ይላል ሁልጊዜ። ፀጉር ላይም እንደዚሁ ነው፤ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ «ይበቃሃል፣ ተነሥ» ይላል። ጥረት የሚባል ነገር የለውም።

ተራው የእኔ ሆነ። የአንዱን ማሽኔን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትንንሽ ዕቃዎች፣ በሙሉ ነቅዬ በአዲስ መቀየሬን፣ ቺፖቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ጠርጌ መመለሴን፣ ሽፋኑን ነጭ በሚያደርግ መድኃኒት ማጠቤን ዘርዝሬ፣ አሁን በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለ አስረዳሁ።

«ይነሣል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ለጊዜው አይነሣም።»

ለምን እንደሳቁ አልገባኝም። የእኔ መደርደሪያ ላይ ያሉት ማሽኖች ሁሉ እኮ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው። አለመነሣታቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ለማንኛውም፣ ክረምቱ ሲወጣ በሠፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ኤግዚቢሽን እናሳያለን። ዋናውን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። ርዕሱ «ሳይነኩ መጠበቅ»። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ሊቀመንበሩ «ከልምድህ ብዙ እንማራለን» ሲለኝ ልቤ ሞላ።

ሐሙስ

እትዬ የጣሪያ ሠራተኞቹን ልትቆጣጠር ወደ ቤቷ ሄደች። ቅዳሜ ትመለሳለች። በር ላይ ዞር አለችና «አደራ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

ማሽኑ የኋላው ክፍል ነው፤ እኔ ሳሎን ነኝ። ንግግሬን እየጻፍኩ ነው። አንድ ጥሩ ነገር መጣልኝ፦ «ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ኪስ ነው፤ እጅን ያስቀምጡበታልና።» ያጨበጭቡልኛል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

አቧራውን ብቻ ጠረግኩ። አቧራ መጥረግ መንካት አይባልም።

ሐሙስ፣ ምሽት

አቧራ ውስጥም ይገባል። ሽፋን ሳያነሣ የውስጥ አቧራ የሚጠርግ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ። አነሣሁት። እግረ መንገዴን የሚይዘውን ቁልፍ በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩት፤ አሁን እንደ ቅቤ ነው። ባለቤቴ በበሩ አልፋ ሄደች። በአፍንጫዋ ስትተነፍስ ሰማኋት።

ዓርብ

ቴፑንም ከፈትኩት። እንኳን ከፈትኩት! ካሴቱን የሚያነበው ብረት፣ እኛ ራስ የምንለው፣ ጠማማ ነው። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ አንገቱን ሰብሮ ሲያነብ ኖሯል፣ አንድ ሰው አላየለትም።

ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ ራሱ የሚቃናው በእሷ ነው። በካቻቪቴ ጠምዘዝ አደረግኳት፤ ቀጥ አለ። ከራሴ መደርደሪያ አንድ የፋብሪካ ካሴት አምጥቼ ሞከርኩ። ድምፁ ጥርት! በመጀመሪያው ሙከራ ጨዋታው ገባ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሼ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በቁጥር የሚደርስበት አልነበረም፤ የእጅ ነገር ግን አልሆነለትም። እትዬ ስትመለስ ጉድ ትላለች። የዳማውን ካሴት አልሞከርኩትም። የሷ ነው፤ የሰው ዕቃ ሳያስፈቅዱ መንካት ነውር ነው።

ቅዳሜ

እትዬ ተመለሰች። ጣሪያው ገና ነው። ከራት በኋላ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ወንበር ስቤ፣ እጄን አጣጥፌ፣ እስክትደነቅ መጠበቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቁልፉን ተጫነች። ቆም አለች። «ይሄ ቁልፍ ይይዝ ነበር።»

«እ? እርጥበት ይሆናል፣ ለቀቀው» አልኩ። እንዴት ይህ ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ሠራሁልሽ ልላት አይደል የተቀመጥኩት?

ካሴቱን ከተተች። ቴፑ መጮህ ሲጀምር ጭንቅላቷን ዘመም አደረገች። «ታፍኗል» አለች። እኔ ምንም መታፈን አልሰማሁም። ስክሪኑ ላይ ስህተት ብሎ ቆመ። መልሳ አጠነጠነች። ስህተት። እንደገና። ስህተት።



«መብራቱ ነው» አልኩ። «ክረምት ሲሆን ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ለማሽኑም ያሰጋል፤ ለጥቂት ቀን ባትከፍችው ይሻላል።»

እትዬ ቀና ብላ አምፖሉን አየችው። አምፖሉ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይበራል። «እሺ» አለች።

ሰኞ

ካሴቱ አርጅቶ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። የፋብሪካው ይገባል፣ የጋሼ አይገባም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የካሴቱ ነው። የእኔ እጅ የለበትም።

ማክሰኞ

ቴፑን የሚያሽከረክረውን ላስቲክ ቀየርኩ፣ እነሱ ገበያ ሲሄዱ። አልረዳም።

ረቡዕ

ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ። ሳይበላሹ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ከፍቼው ሳለ ምን ቸገረኝ? አልረዳም። አሁን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ከዚህ ቀደም ያልነበረ ሞገድ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ምነው እጄን በቆረጠው!

እትዬ ማታ ማታ የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች። ካሴቱን ከነቤቱ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝናቡን ታያለች። ተነሥቼ ካለችበት ክፍል ልሸሽ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ ብቻዋን መተው ከበደኝ። «ወግ አምጣ እስቲ» አለችኝ። የማወራው ጠፋኝ። ስለ ንግግሬ አወራኋት። ሁሉን ሰማችኝና «ጥሩ ነው፣ ሳይነኩ መጠበቅ» አለች። ከልቧ መሰለኝ።

ዓርብ

ወጥ ቤት በር ላይ ሳልፍ ሰማኋቸው፤ ለማዳመጥ ብዬ አይደለም፣ ጫማዬን ስፈልግ ነው።

«ለምን አትነግሪውም?» ትላለች ባለቤቴ።

«ራሱ እስኪነግረኝ ነው የምጠብቀው።»

«እሱ እስኪነግርሽማ ክረምቱ ይወጣል።»

«ይውጣ። ከቤት ጣሪያ የባሰ የሚያስቸኩል ነገር የለኝም።»

ስለ ጣሪያ ሠራተኛው ነው። የሆነ ነገር ደብቋታል መሰለኝ። ሰው እንዴት አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት ያታልላል? ዓይን ያወጣ ዘመን! አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

ራሴን ልቆረጥ፣ ማለቴ ፀጉሬን፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። ባይረዝምም። ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ አወራሁት፤ «አንድ ወዳጄ እህት አለችው...» ብዬ። መቀሱን እያንቀጫቀጨ ሰማኝ።

«ያ ወዳጅህ የቴፑን ራስ ነክቶታል?»

«ኧረ አልነካም።»

«እሺ።» ትንሽ ቆረጠ።

«አስተካከለው እንጂ።»

መቀሱ ቆመ። በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ፤ ከጭንቅላቴ በላይ ያ በእጄ የጻፍኩት ደንብ ተሰቅሏል፤ ሁለቱንም አያቸው።

«ባልየው ጨዋታውን የቀዳው በዚያው ቴፕ ነበር?»

«በዚያው።»

«ራሱ ያኔም ዘመም ያለ ከሆነ፣ ጽሑፉም ካሴቱ ላይ ዘመም ብሎ ነው የሰፈረው። ዘመም ብሎ የጻፈውን ዘመም ብሎ ያነበዋል። ቀጥ ላለው ግን አይታየውም። ሁለት ጠማሞች ተግባብተው ይኖሩ ነበር፤ ወዳጅህ መጣና አንዱን አቀናው።»

የማውቀው ነገር እኮ ነው! ይህን ለማኅበሩ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፣ ዓምና፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ታዲያ በራሴ እጅ ሲሆን ምን ጋረደኝ? አፈር በበላሁ።

«መልሶ ያዝምመው ታዲያ» አልኩ።

«ምን ያህል እንደነበር ምልክት አድርጓል?»

አላደረገም። ለምን ያደርጋል? ቀጥ ካለ በኋላ ጠማማነቱን ማን ይፈልገዋል ብሎ ነው።

«ቅጂ አለው ካሴቱ?»

የለውም።

«እንግዲያው እንዲጠነቀቅ ንገረው። ያረጀ ካሴት በተጫወተ ቁጥር ይላጣል። እየነካካ፣ እየሞከረ፣ እየነካካ ከቀጠለ ጨዋታው ለዘላለም ይጠፋል። በጆሮ ነው የሚመለሰው፤ ድምፁን ከጥንት የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል።» ፎጣውን አራገፈ። «ይበቃሃል፣ ተነሥ።»

ረቡዕ

አንዴ ሞከርኩ፣ እትዬ ገላዋን ስትታጠብ። ብሎኗን ትንሽ ወደ ግራ። የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነው፤ የቱ የጥንቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? ድምፁን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድ ቀን አዳምጬው አላውቅም። ካሴቱን ሳወጣ ቡናማ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ።

የጋሼ ጨዋታ ነው ጣቴ ላይ የቀረው።

ካቻቪቴውን ለባለቤቴ ሰጠኋት። «ደብቂው፤ ብለምንሽም አትስጪኝ» አልኳት። መሐረብ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ይህቺ ሴትዮ ምንም አትጠይቅም፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሰኞ

ዛሬ ልነግራት ነበር። ቁርስ ላይ «እትዬ» ብዬ ጀመርኩ። «ወዬ» አለች፣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት።

ጣሪያው ሊያልቅ ነው። ቤቷ ስትገባ፣ ያን ጊዜ፣ ብቻዋን፣ ማታ ማታ ምን ትሆናለች? መብራቱ ነው የምላትም አልኖርም አጠገቧ።

እሑድ፣ ምሽት

ኤግዚቢሽኑ ዛሬ ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል ባልልም ወንበሮቹ ባዶ አልነበሩም። ሊቀመንበሩ ማሽኖቹን ከነላስቲካቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ሰው «ምንድን ናቸው?» ሲል «አይነኩም» ይላል። የእኔዎቹ ነጭ ሆነው፣ ውስጣቸው አዲስ ሆኖ፣ ጠፍተው ተቀምጠዋል። ሕዝቡ የተሰበሰበው ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። የእሱ አንዲት የተቧጨረች፣ ቢጫ ማሽን እየሠራች ነበር።

ባለቤቴና እትዬ ከፊት ተቀመጡ። ተናገርኩ። የኪሱን ነገር ስል አጨበጨቡ፣ እንዳልኩት። «ሽፋን ያረጀ ቢመስል እንተወው፣ ቁልፍ ቢይዝ እንልመደው፣ የሚሠራ ነገር ምስጢሩ እኛ ስህተት በምንለው ውስጥ ሊሆን ይችላልና» ስል ከእትዬ ዓይን ሸሽቼ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ፤ ሕዝቡ ስሜት መሰለውና እንደገና አጨበጨበ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ሊቀመንበሩ።

እትዬ እጇን አነሣች።

«መምህር፣» አለችኝ፣ መምህር! «አንድ ሰው ያልተበላሸ የሰው ዕቃ ነክቶ፣ የነካውን ደብቆ፣ መብራት ነው ብሎ ቢያሳብብ፣ ማኅበራችሁ ምን ያደርገዋል?»

ባለቤቴ የቦርሳዋን ማሰሪያ ታይ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና በሙሉ ክብር መለሰ፦ «ዋና ተናጋሪ እናደርገዋለን።»

እስከዛሬ ቀልድ አውርቶ የማያውቅ ሰው! ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መድረኩ ላይ ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ደግሞ፣ እንጃ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣልኝ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ በድምፅ ማጉያው። «ራሱን አቀናሁት። ይቅር በይኝ።»

«ሰማን» አለች። «ና ወደ ቤት እንሂድ።»

ቤት እንደገባን ባለቤቴ ካቻቪቴውን ከመሐረቦቿ መሀል አውጥታ ሰጠችኝ። እትዬ ማሽኑን ሰካች፣ ወንበር ላይ ተደላድላ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንተ ጠምዝዝ፣ እኔ እሰማለሁ።»

«ካሴቱ እየተላጠ ነው፣ እትዬ። ብዙ አንሞክርም።»

«ብዙ አያስፈልገንም። እሱ ሲጭነው እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማው የኖርኩት ነው። ድምፁ ሲያበቃ ነበር ምግብ የማቀርበው።»

ቴፑ ጮኸ። ብሎኗን በጣም፣ በጣም በቀስታ አዞርኩ። «አይደለም... ቅርብ ነው... አለፍከው። አለፍከው አንተ ልጅ! ተመለስ... እንዲያ። ትንሽ... ቆይ። እጅህን አንሣ።»

እጄን አነሣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ቶሎ ታዝዤ አላውቅም።

ድምፁ ተለወጠ። ያ ደስ አይልም ያልኩት ሹል፣ ጠርዛም ጩኸት ነው የመጣው። እትዬ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ፊቷ ግን ሲፈታ አየሁት። ካሴቱን መልሼ አጠንጥኜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ጩኸቱ እስኪያልቅ ሦስታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ዳማው መጣ፣ ከነአዲሱ ሞገዱ።

«ይሄ ማዕበል ምንድን ነው?» አለች እትዬ።

«እኔ ነኝ።»

«ይቆይ። አንተን አስታውስበታለሁ።»

ባለቤቴ የጥፍር ቀለሟን አመጣች፤ ብሎኗ ሁለተኛ እንዳትዞር ጠብ የሚደረግባት ነገር ከዚያ የተሻለ የለም። ቀዩን እትዬ መረጠች፣ በራሷ እጅ አንድ ጠብታ ብሎኗ ላይ ጣለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከቁልፉ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ሰዓቱንም እኮ ነፋስ ጣለው ነው ያልከን» አለች። «ያኔ አባባ ሲቆጣህ አለቀስክ፣ ግን አልተናገርክም። ዘንድሮ ልትናገር ትችል ይሆናል ብዬ ነው።»

ከዚያ ተጫወተች፣ አሸነፈች፣ አጠፋች፣ ተኛች።

ሐሙስ

ጣሪያው አለቀ። ነገ ትሄዳለች። ካሴቱን ሳትሄድ ቅጂ ላውጣለት ብዬ ጠየቅኳት፤ አስፈቅጄ ነው። ፀጉር አስተካካዩም አስፈላጊው ሥራ ይህ ብቻ ነው ብሎኛል፤ እሱ ካለ እውነት ነው። እትዬ ልብሷን ስታጣጥፍ፣ እኔ ሳሎን ውስጥ ቀዳሁት።

ከቀዳሁ በኋላ ፕሮግራሙን በስክሪን አወጣሁት። ማየት መንካት አይደለም። የጋሼን የእጅ ሥራ መስመር በመስመር አነበብኩ፣ እውነት ለመናገር ተገረምኩ፤ እንደዚያ ያለ ሒሳብ አዋቂ እንዲህ ያለ ስህተት ይሠራል አላልኩም ነበር። የእትዬ ጠጠሮች ማነስ ሲጀምሩ ማሽኑ ካሉት እርምጃዎች ሁሉ መጥፎውን እየመረጠ ይሄዳል። ተገልብጧል፤ የተሳሳተችው አንዲት የሒሳብ ምልክት ብቻ ናት። ይባስ ብሎ ስታሸንፍ የሚወጣው ጽሑፍ አለ፣ ስትሸነፍ የሚወጣው ጽሑፍ ግን የለም። ከነጭራሹ አልተጻፈም። ረስቶታል።

ምልክቷን መለወጥና ሁለት መስመር መጨመር ነው። ይህን ማስተካከል ለእኔ ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም። ጣቴን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩ።

መጀመሪያ ልፈትነው አልኩ። አንድ ዙር ተጫወትኩ፣ ለመሸነፍ ብዬ፣ ጠጠሮቼን አንድ በአንድ እየገበርኩ። ማሽኑ እምቢ አለኝ። የሰጠሁትን አይበላም፤ ዞር ዞር ብሎ የራሱን ያመጣልኛል። ተናደድኩ፣ የባሰ ሞኝ ሆንኩ፤ እሱ ከእኔ የባሰ ሞኝ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ ጠጠር ብቻ ቀርቶኝ ሳለ የመጨረሻዋን ጠጠሩን አምጥቶ አፌ ውስጥ ከተተልኝ። ስክሪኑ ጸዳና ጋሼ ራሱ ነጥብ በነጥብ በሣላቸው ፊደላት እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ዛሬም አሸነፍሽ፣ ንግሥቴ።»

ፊደሎቹ ላይ የእኔ ሞገድ ቀስ ብሎ አለፈ።

ጣቴን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ከኋላው ክፍል የሻንጣዋ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማኛል።

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገባች። «ተጫወትክ?» አለችኝ። «ማን አሸነፈ?»

«እትዬ» አልኩ።

ማሽኑን አጠፋሁት። አንዲት ምልክት ሳልለውጥ ከነቢጫነቱ በፎጣው ጠቀለልኩትና ነገ ጠዋት እንድትወስደው ከሻንጣዋ አጠገብ አስቀመጥኩት።